የቆመው ትክል ድንጋይና የተረሳው የድንጋይ ካባ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)

የጉባኤው አዘጋጅ ኮሚቴ ከጥንታዊ የማዕድን ሥራ ስለ ተረፉ የድንጋይ ሥራዎች ጥቂት ቃል እንዳሰማ ባዘዘኝ ጊዜ፣ በመጀመሪያ ያሰብሁት ይቅርታ ጠይቄ ለመቅረት ነበር። ይህ ርእስ በሌላው ዓለም ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚወሳው እርሳስ የወጣበት ጉድጓድ፣ እርሳስ የቀለጠበት ምድጃ፣ ጢስ ማውጫውና ማጠቢያው ነው። እኔ ደግሞ አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍሁት ከዓለም ገና እስከ ቡታጅራ፣ በሌላም በኩል እስከ ወልቂጤ ባለው አገር፣ ለመንገድና ለሕንፃ የሚሆን ድንጋይና ገረጋንቲ ስፈልግ ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን እርሳስ የተቀለጠበት ምድጃ አላየሁም።

ቆይቼ ሳስበው ግን፣ ድንጋይም ራሱ ከምድር የሚወጣ ሀብት መሆኑን፣ በዚያም አገር ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ድንጋይ ከዐለቱ እየለዩ የሚያወጡ፣ የሚጠርቡና የሚያጓጉዙ ሰዎች እንደ ነበሩ ትዝ አለኝ። ሥራቸው ዛሬም ቆሞ ይታያል። ስለዚህ የተሰጠኝን ርእስ ሳልለቅ ወደ አገሬ ለማምጣት ወሰንሁ። ዛሬ የምናገረው በሶዶ ምድር ስለሚገኙት ትክል ድንጋዮች፣ ይልቁንም ስለ ወጡበት ስፍራ፣ ማለትም ስለ ጥንቱ የድንጋይ ካባ ነው።

አስቀድሜ ስለ ውጭው ዓለም ጥቂት ልበል። በግሪክ አገር ከአቴና በስተ ደቡብ ምሥራቅ ላውሪዮን የሚባል ስፍራ አለ። አቴናውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት ብር ያለበትን የእርሳስ ማዕድን ከዚያ ያወጡ ነበር። ከልደት በፊት በ483 ዓመት ገደማ የተገኘው ሀብት ለጦር መርከቦቻቸው መሥሪያ እንደ ዋለ፣ እነዚያም መርከቦች ከሦስት ዓመት በኋላ በሳላሚስ ጦርነት እንደ ጠቀሟቸው የታሪክ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ብሩ ገንዘብ ሆኖ በየአገሩ ተበተነ። እርሳሱም እንደዚሁ የትም ሄደ። በስፍራው የቀረው የሥራው ቦታ ነው፤ ይኸውም ውኃ ይጠራቀምባቸው የነበሩ ገንዳዎችና የተፈጨው ማዕድን ይታጠብባቸው የነበሩ የድንጋይ መደቦች ናቸው።

በሰሜን እንግሊዝም ፔናይንስ በሚባለው ተራራማ አገር በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት እርሳስ በብዛት ይቀልጥ ነበር። ጢሱ መርዝ ከመሆኑም በላይ ብዙ እርሳስ ይዞ ይወጣ ስለ ነበር፣ ባለ ምድጃዎቹ ከምድጃው ተነሥቶ ተራራውን እየታከከ የሚወጣ፣ ርዝመቱ እስከ ኪሎ ሜትሮች የሚደርስ የጢስ መተላለፊያ በድንጋይ ይሠሩ ነበር። ጢሱ በመንገዱ እየቀዘቀዘ ሲሄድ እርሳሱ በግድግዳው ላይ ይጋገራል፤ ሠራተኞች እየገቡ ይፍቁታል። ዛሬ እርሳሱም ባለ ምድጃዎቹም የሉም፤ የድንጋዩ መተላለፊያና ጢስ ማውጫው ግን በየኮረብታው ይታያሉ። በደርቢሺር የሚገኘውን ማግፓይ የተባለ የእርሳስ ማዕድን ፍርስራሽ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሲንከባከብ የኖረው የማዕድን ታሪክ ወዳጆች ያቋቋሙት ማኅበር መሆኑንም ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። ማኅበር ማለት እንደ እኛው ያለ፣ አባላቱ ከሥራቸው በተረፈ ጊዜ የሚሰበሰቡበት ማኅበር ማለት ነው።

በእነዚህ አገሮች የሥራው ፍሬ ጠፍቶ የሥራው ቦታ ቀርቷል። በእኛ አገር፣ በሶዶ ምድር፣ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የሥራው ፍሬ ቆሟል፤ የሥራው ቦታ ግን ተረስቷል። የንግግሬ ፍሬ ነገር ይኸው ነው። ፍሬውን ጠብቀን የወጣበትን ስፍራ ብናፈርስ፣ ከታሪኩ የቀረን ግማሹ ብቻ ይሆናል፤ ይህንንም ግማሽ ሊያጠፋ ወይም ሊያድን የሚችለው፣ ከማንም ይልቅ፣ ድንጋይ የሚፈልገው የእኛ ሙያ ነው።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በዓለም ገና በኩል ወደ ቡታጅራ የሚጓዝ ሰው አዋሽን መልካ ቁንጡሬ ላይ ይሻገርና፣ ከዋና ከተማው 90 ኪሎ ሜትር ያህል ሲርቅ ጢያ ከተባለች ትንሽ ከተማ ይደርሳል። ከዚያ እስከ ቡታጅራ የሚቀረው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም. በተቋቋመበት ጊዜ አካባቢ የጉራጌ ምድር በሁለት ዞኖች ተደራጅቶ፣ ምዕራቡ ወልቂጤን፣ ምሥራቁም ቡታጅራን ማእከል አድርጓል፤ የሶዶ ወረዳም በምሥራቁ በኩል ይገኛል።

የዘቢዳር ተራራ በሁለቱ መካከል እንደ ግድግዳ ቆሟል። በወልቂጤ በኩል ያለው የጉራጌ ሰው የቤት አሠራር የእንጨት ጥበብ ነው። በመካከለኛው ምሰሶ ተደግፎ የሚቆመው ክብ ጎጆ፣ በመንደሩ መካከል የሚያልፈው ሰፊ የሣር ጎዳና ጀፎረ፣ ከጓሮ የማይጠፋው እንሰት የዚያ አገር መታወቂያ ናቸው። እንጨት ግን በየትውልዱ ይታደሳል እንጂ ለሺህ ዓመት አይቆይም። በምሥራቁ በኩል፣ በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ፣ ምድሩ የእሳተ ገሞራ ዐለት ነው። ከድሮ ሰዎች እጅ ለእኛ የተረፈው ሥራም በዚህ ዐለት የተሠራው ነው።

በሶዶ አካባቢ ትክል ድንጋይ የሚገኝባቸው ስፍራዎች 160 ያህል መሆናቸው ተመዝግቧል። ከእነዚህ ሁሉ የታወቀው ጢያ ነው። በጢያ 36 ትክል ድንጋዮች አሉ። 33ቱ 45 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው መሥመር ተደርድረው ይገኛሉ፤ 3ቱ ከእነርሱ ትንሽ ራቅ ብለው ነው የቆሙት። ከ36ቱ 32ቱ ቅርጽ የተቀረጸባቸው ናቸው። ብዙውን ጊዜ የሚታየው የጎራዴ ቅርጽ ነው፤ በአንዳንዱ ላይ ክብ ምልክት፣ በሌላው ላይ ቅጠል የሚመስል፣ አንዳንድ ሰው እንሰት ነው የሚለው ምልክት አለ። የሰው አካል የተቀረጸበትም ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1980 ዩኔስኮ ጢያን ከአክሱም፣ ከታችኛው አዋሽና ከታችኛው ኦሞ ሸለቆዎች ጋር በዓለም ቅርስ መዝገብ አስፍሮታል።

የአካባቢው ሰው እነዚህን ድንጋዮች ከጥንት ጀምሮ የግራኝ ድንጋይ ይላቸዋል። የኢማም አሕመድ ዘመቻ በ16ኛው መቶ ዓመት ሕዝቡን እንዴት እንዳናወጠ ለሚያውቅ፣ ትልቅና ምክንያቱ የማይታወቅ ሥራ ሁሉ በእርሱ ስም መጠራቱ አያስገርምም። ፈረንሳውያኑ አዛይስና ሻምባር በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. የጀመሩትን ጥናት ኋላ ፍራንሲስ አንፍሬይና ሮጀር ዡሶም ቀጥለው ነበር፤ በቁፋሮውም ከድንጋዮቹ ሥር መቃብሮች ተገኝተዋል። ከእነዚህም የተገኘው ግምት ሥራውን ወደ 12ኛውና ወደ 13ኛው መቶ ዓመት ገደማ ይወስደዋል፤ ከኢማሙ ዘመን በብዙ ይቀድማል ማለት ነው። ስለ ጎራዴዎቹና ስለ ምልክቶቹ ትርጉም የሚከራከሩትን ሊቃውንት ለጊዜው ልተዋቸውና፣ እኔ በሙያዬ ወደማውቀው ወደ ክብደት ልመለስ።

ለምሳሌ ያህል ቁመቱ 3 ሜትር፣ ወርዱ 80 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 25 ሳንቲ ሜትር የሆነ ድንጋይ እናስብ። ይዘቱ 0.6 ሜትር ኩብ ነው። አንዱ ሜትር ኩብ 2.3 ቶን ይመዝናል ብንል፣ ድንጋዩ 1,380 ኪሎ ግራም ይሆናል። አንድ ሰው 35 ኪሎ ግራም ቢሸከም፣ ይህን ድንጋይ ለማንሣት 40 ሰው ያስፈልጋል፤ 40 ሰው ደግሞ 3 ሜትር ርዝመት ባለው ድንጋይ ዙሪያ ለመቆም ቦታ አይበቃውም። ስለዚህ ወይ ረጃጅም እንጨት ከሥሩ አጋድሞ መሸከም፣ ወይም በእንጨት ላይ አጋድሞ በገመድ መጎተት ግድ ነው። በደረቅ መሬት ላይ የሚጎተት ሸክም የክብደቱን ግማሽ ያህል ጉልበት ቢጠይቅ 690 ኪሎ ግራም ነው፤ አንድ ሰው ሳያቋርጥ 30 ኪሎ ግራም ያህል ቢስብ 23 ሰዎች ይበቃሉ። ለእነርሱም የሚሆን ገመድ፣ ከፊት ድንጋይና ቁጥቋጦ የሚያነሣ ሰው፣ በቁልቁለት ላይ ከኋላ ሆኖ የሚይዝ ሰው፣ ሁሉንም በአንድ ድምፅ የሚያስነሣ አለቃ ያስፈልጋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለው ተረት በዚህ ስፍራ ቃል በቃል እውነት ነው።

ከዚህ ትንሽ ሒሳብ የምንማረው ብዙ ነው። ድንጋዩን ያቆመው ኅብረተሰብ ሠራተኛ የሚያሰባስብበት ሥርዓት፣ ለሠራተኛው የሚሆን ስንቅ፣ ዐለቱን የሚያውቅ ባለሙያ፣ የተስተካከለም መንገድ ነበረው ማለት ነው። ሆኖም ይህን ሁሉ ሊነግረን የሚችለው የቆመው ድንጋይ ብቻውን አይደለም። ስንት ድንጋይ ተጀምሮ ተሰብሮ ቀረ? ከዐለቱ የለዩት በምን መሣሪያ ነው? ጠርበው የጨረሱት በካባው ነው ወይስ ካጓጓዙት በኋላ በቦታው? ምን ያህል ርቀት ጎተቱት? የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያለው ድንጋዩ በወጣበት ስፍራ ነው። ወደ ጢያ የሚሄደው ጎብኚ ድንጋዮቹን አይቶ፣ ፎቶግራፍ አንሥቶ ይመለሳል፤ ከየትኛው ዐለት መጡ ብሎ የሚጠይቀው ጥቂቱ ነው። እኛ ባለሙያዎቹም ብዙ አልጠየቅንም።

የካባ ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ ለማየት ወደ አክሱም እንሂድ። ከከተማው በስተ ምዕራብ በጎበድራ ኮረብታ አካባቢ ሐውልቶቹ የተወሰዱባቸው ካባዎች አሉ። በዐለቱ ላይ በመሥመር የተበሱት የሽብልቅ ቀዳዳዎች እስከ ዛሬ ይታያሉ፤ ተጀምሮ የቀረ ሥራም አለ። ሊቃውንት የአክሱምን ድንጋይ ጠራቢ አሠራር ለመረዳት የቻሉት ሐውልቶቹን በማየት ብቻ ሳይሆን፣ በጎበድራ ቀዳዳዎቹን በመለካት ነው። ወድቆ የተሰበረው ታላቁ ሐውልት 33 ሜትር ርዝመትና 520 ቶን ያህል ክብደት አለው። ከሮም እ.ኤ.አ. በ2005 ተመልሶ በ2008 እንደገና የቆመው 24 ሜትር ነው፤ የመጣውም በሦስት ተቆራርጦ፣ በአውሮፕላን ነው። የጥንቶቹ ሰዎች ግን ከካባው እስከ ከተማው በአንድ ቁራጭ ጎትተው አምጥተውታል። ካባው ባይኖር ይህ ንግግር ሁሉ ተረት በመሰለን ነበር።

ከአክሱም ይልቅ ለእኛ የሚቀርብ ምሳሌም አለ፤ እርሱም በዚሁ በቡታጅራ መንገድ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው ከመልካ ቁንጡሬ አጠገብ ባልጪት የሚባል ስፍራ አለ። ባልጪት በአማርኛ ያ እንደ ጠርሙስ የሚያብረቀርቅ፣ ሲሰበር እንደ ምላጭ የሚስል ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ መጠሪያ ነው። በመልካ ቁንጡሬ ሲምቢሮ በተባለው ቦታ ከዛሬ 1.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ሰዎች ባልጪት እየለዩ መሣሪያ የሚሠሩበት ስፍራ መገኘቱን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 አስታውቀዋል። ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላም ድንጋዩ ሥራውን አልተወም፤ በጉራጌና በአጎራባች አገሮች የሚኖሩ ቆዳ ፋቂዎች በባልጪት መፋቂያ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ይጠቀሙ ነበር። በባልጪት የሚታየው የተቆለለ ስብርባሪ የዚያ ረጅም ሥራ ትራፊ ነው። መልካ ቁንጡሬና ባልጪት እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍረዋል። እዚህ ላይ ቅርስ ተብሎ የተመዘገበው የቆመ ሐውልት ሳይሆን ድንጋይ የወጣበትና የተሠራበት ቦታ፣ ስብርባሪው ጭምር መሆኑን አስተውሉልኝ። ትናንት አንድ የመንገድ መሐንዲስ ቢያየው ለመሙያ የሚሆን ጥሩ ቁሳቁስ ነው ይል ነበር።

ይህን የምለው በሌላ ሰው ለመፍረድ አይደለም። አሁን ስለ ራሴ አንድ ነገር እንድናገር ይፈቀድልኝ።

ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ገና ወጣት መሐንዲስ ሳለሁ፣ በአንድ የመንገድ ሥራ ላይ ካባ እንድከፍት ታዝዤ ነበር። ዐለቱ ጥሩ ነበር፤ ለመንገዱም ቅርብ ነበር። አፈሩን ከሚጠርጉት ሠራተኞች መካከል አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው ዲጂኗቸውን አስቀምጠው ጠሩኝ። በዐለቱ ላይ በአንድ መሥመር የተደረደሩ፣ እያንዳንዳቸው ሦስት ጣት የሚያህሉ፣ እርስ በርሳቸውም አንድ ስንዝር ያህል የሚራራቁ ቀዳዳዎች ነበሩ። ከመሥመሩ በታች ዐለቱ ጥቂት ተሰንጥቋል። ሽማግሌው እጃቸውን በቀዳዳዎቹ ላይ እያሳለፉ፣ «አለቃ፣ ይህን ድንጋይ ከእኛ በፊት ሰው ጀምሮት ነበር» አሉኝ።

አየሁት። ነገሩ እውነት መሆኑን በልቤ ሳላውቀው የቀረሁ አይመስለኝም። ነገር ግን የሥራው ቀን አልፎ ነበር፤ መፍጫው ቆሞ ይጠብቃል፤ የዝናቡም ወራት ተቃርቧል። «ተፈጥሮ ነው አባባ፣ ሥራዎን ይቀጥሉ» አልኋቸው። እርሳቸውም አልመለሱልኝም። በማግሥቱ ተቦረቦረ፤ ፈንጂ ተቀበረበት፤ ከሰዓት በኋላ ጠጠር ሆነ። ዛሬ ከአስፋልት በታች ነው። የየትኛው ዘመን ሥራ እንደ ነበረ፣ የማን እጅ እንደ ነበረ፣ ድንጋዩስ የት ሊቆም ታስቦ እንደ ነበረ ሊነግረኝ የሚችል ሰው የለም፤ ምክንያቱም እኔ አንድ ፎቶግራፍ እንኳ አላነሣሁለትም፤ አንድ መሥመርም አልጻፍሁለትም። የእኒያንም ሽማግሌ ስም አልያዝሁትም።

ክቡራትና ክቡራን፣ በዚያ ቀን ሥራውን ለግማሽ ቀን ብቻ ባቆመው ምን ይጎድል ነበር? መሥመሩን ሃያ ሜትር ወደ ጎን ፈቀቅ ባደርገው ዐለቱ ያው ዐለት ነበር። የጎደለኝ ገንዘብ ወይም ጊዜ አልነበረም፤ ያየሁትን ነገር በስሙ የምጠራበት ዕውቀት፣ ካወቅሁም በኋላ የምሠራበት ሥርዓት ነበር። ይህንኑ ዕውቀትና ሥርዓት ለተተኪዎቻችን ማውረስ የዚህ ማኅበር ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለ ዕውቀቱ በአጭሩ ልናገር። ጥንታዊ የድንጋይ ካባ በአራት ምልክቶች ይታወቃል። አንደኛው የሽብልቅ ቀዳዳ ነው። የዛሬ መቦርቦሪያ የሚተወው ክብ፣ ረጅምና ቀጥ ያለ ጉድጓድ ነው፤ በፈነዳው ዐለት ላይም እንደ ግማሽ ቧንቧ ሆኖ ይታያል። የጥንቱ ግን ብዙውን ጊዜ ጥልቀቱ ትንሽ፣ አፉ ሞላላ ወይም አራት ማዕዘን ሆኖ በመሥመር የተደረደረ ነው፤ በውስጡ የደረቀ እንጨት ተሰክቶ ውኃ ይጠጣል፤ እንጨቱ ሲያብጥ ዐለቱን ይሰነጥቀዋል፤ አለዚያም ሽብልቅ ተሰክቶ በመዶሻ ይመታል። ሁለተኛው የስብርባሪ ክምር ነው። ተፈጥሮ የሰበረው ድንጋይ መጠኑ የተዘበራረቀ ነው፤ ጠራቢ የሰበረው ግን ስስና አንዱ ከሌላው ጋር ተመሳሳይ ሆኖ በአንድ ቦታ ይከማቻል። ሦስተኛው ተጀምሮ የቀረ ሥራ ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት ጎኑ ተለይቶ ሥሩ ከዐለቱ ጋር እንደ ተያያዘ የሚታይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ማለት ነው። አራተኛው መውጫው ነው፤ ከካባው ተነሥቶ ተዳፋቱን እየተከተለ የሚወርድ፣ ለመጎተቻ ያመች ዘንድ የተጠረገ መንገድ ካለ አሻራው ይቀራል። የቀዳዳው ጠርዝ በዝናብና በፀሐይ ተበልቶ፣ የድንጋይ ሽበትም በቅሎበት ከተገኘ፣ ሥራው የትናንት አለመሆኑን ይመሰክራል።

ካባውን ከትክል ድንጋዩ ጋር ማገናኘትም ይቻላል። ከዐለቱ የተወሰደ ናሙና ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትር እስኪሆን ድረስ ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የማዕድኖቹ ዓይነትና አደራደር ይታወቃል። ከቆመው ትክል ድንጋይ ግን በማንም ፈቃድ ተሸርፎ አይወሰድም፤ ለእርሱ ድንጋዩን ሳይጎዳ በኤክስሬይ የውስጥ ይዘቱን የሚለካ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ አለ። ለባልጪትማ ሥራው ይበልጥ ይቀላል፤ የእያንዳንዱ ስፍራ ባልጪት የራሱ የሆነ የይዘት ምልክት ስላለው፣ አንድ መፋቂያ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ ማወቅ ይቻላል።

ስለ ሥርዓቱ ደግሞ፣ ሕግ የለም የሚባለው ሰበብ እንደማያዋጣ ላስታውስ። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 በማዕድን ፍለጋ፣ በሕንፃ ወይም በመንገድ ሥራ ቁፋሮ ላይ ሳለ ቅርስ ያገኘ ማንኛውም ሰው ወዲያውኑ ለባለሥልጣኑ እንዲያስታውቅና ባለሥልጣኑ እስኪረከበው ድረስ ጠብቆ እንዲያቆይ ደንግጓል። የሕጉ ቃል ግልጽ ነው። የቸገረው፣ የሽብልቅ ቀዳዳ ያለበት ዐለት ቅርስ መሆኑን የሚያውቅ ሰው በካባው ላይ አለመገኘቱ ነው። መሐንዲሱ ካላወቀ ፎርማኑ አያውቅም፤ ፎርማኑ ካላወቀ የመቦርቦሪያው ሠራተኛ ምን ያድርግ?

አሳቡ ዛሬ አጣዳፊ የሆነበትም ምክንያት አለ። ወልቂጤና ቡታጅራ እኔ በወጣትነቴ የማውቃቸው ከተሞች አይደሉም። በየአቅጣጫው ይሰፋሉ፤ ሲሰፉም ለመሠረት፣ ለአጥር፣ ለመንገድ ድንጋይ ይበላሉ። በብዙ የኢትዮጵያ ከተሞች ከተስፋፋው የኮብልስቶን ሥራ ወዲህም በመሮና በመዶሻ ድንጋይ የሚጠርብ ወጣት በርክቷል። በዚህ ደስ ሊለን ይገባል፤ ሥራ ነውና፣ ሙያም ነውና። ነገር ግን ጥሩ ዐለት ለዛሬው ጠራቢ ጥሩ እንደ ሆነ ሁሉ ለጥንቱም ጥሩ ነበር። ለመሰንጠቅ የሚያመች፣ ለመንገድ የቀረበ፣ አፈር ያልከበደው ዐለት የትኛው እንደ ሆነ እርሱም ያውቅ ነበር። ስለዚህ አዲሱ ካባ ብዙ ጊዜ አሮጌው ካባ በነበረበት ላይ ሊከፈት ይችላል። አደጋው የሚመጣው ከክፋት ሳይሆን፣ እኛና እነርሱ በአንድ ዓይን ስለምናይ ነው።

እንግዲህ ለማኅበሩ የማቀርባቸው አሳቦች ሦስት ናቸው።

አንደኛ፣ አባሎቻችን አዲስ ካባ ለመክፈት በሚያዘጋጁት የጥናት ጽሑፍ ውስጥ አንድ ገጽ እንዲጨመር ነው። በዚህ ገጽ ዐለቱ ከመነካቱ በፊት በእግር ተዞሮ መታየቱ፣ የአካባቢው ሽማግሌዎች መጠየቃቸው፣ ከላይ የዘረዘርኋቸው አራት ምልክቶች መኖር አለመኖራቸው ይጻፋል፤ ፎቶግራፍም ይያያዛል። ይህ ከአንድ ቀን የበለጠ ሥራ አይጠይቅም።

ሁለተኛ፣ ከወልቂጤ ዩኒቨርሲቲና ከኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ጋር በመመካከር በጢያ ዙሪያ ያሉት የዐለት ገጾች በካርታ ላይ እንዲመዘገቡ ነው። ከጢያ ተነሥቶ በየአቅጣጫው እስከ 10 ኪሎ ሜትር ድረስ ያለውን ምድር በእግር ማየት፣ ለጥቂት የማኅበሩ አባላትና ለተማሪዎቻቸው የአንድ በጋ ሥራ ነው። ካባው ቢገኝ ትልቅ ነገር ነው፤ ባይገኝም የዐለቱን ጠባይ የሚያሳይ ካርታ ለሥራችን ይጠቅመናል።

ሦስተኛ፣ በመሮና በመዶሻ ድንጋይ የሚያወጡትን አረጋውያን ባለሙያዎች ዕውቀት፣ የመሣሪያዎቻቸውንና የዐለት ዓይነቶችን መጠሪያ፣ ስማቸውንም ጭምር እንድንመዘግብ ነው። አንድን ዐለት በመዶሻ መትቶ ድምፁን በመስማት ብቻ የት እንደሚሰነጠቅ የሚያውቅ ሰው፣ የጥንቱን ጠራቢ ሥራ ከእኛ ይልቅ ያነብባል። ኅብረተሰባችን የእጅ ባለሙያን ለረጅም ዘመን ዝቅ አድርጎ ሲያይ ኖሯል። እኔም የእኒያን ሽማግሌ ቃል የናቅሁት ከዚሁ ልማድ ነጻ ስላልነበርሁ ሳይሆን አይቀርም።

ይህ ሁሉ ከአቅማችን በላይ ነው የሚል ቢኖር፣ በዚሁ አገር የተሠራ ሥራ ላስታውሰው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የጉራጌ ተወላጆች በአዲስ አበባ ካገኙት ገቢ ገንዘብ እያዋጡ የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁመው ነበር። መንግሥት እስኪሠራልን እንጠብቅ አላሉም። ለአገራቸው መንገድ ያወጡ ሰዎች ልጆች፣ መንገዱ ሲሰፋ በዳር ያለውን ቅርስ ለመመዝገብ አቅም ያንሳቸዋል ለማለት አልችልም። ከጢያው ድንጋይ አንዱን እንኳ 23 ሰው ተባብሮ ካልጎተተው ከካባው ንቅንቅ እንደማይል ቀደም ብለን አስልተናል።

በጢያ የቆሙት ድንጋዮች አጥር አላቸው፤ ጠባቂ አላቸው፤ ስማቸውም በዓለም መዝገብ ላይ ሰፍሯል። የወጡበት ዐለት ግን አጥርም ጠባቂም የለውም። ያለው ጠባቂ፣ ነገ ጠዋት ካባ ለመክፈት ካርታ ይዞ ወደ ኮረብታው የሚወጣው የእኛው ባልደረባ ነው። ያ ባልደረባ በመሥመር የተደረደሩ ቀዳዳዎች ቢያይ፣ አጠገቡም የቆመ አንድ አዛውንት «ይህን ድንጋይ ከእኛ በፊት ሰው ጀምሮት ነበር» ቢሉት፣ እኔ የመለስሁትን እንዳይመልስ አደራ እላለሁ። ሥራውን ለግማሽ ቀን ያቁም፤ ይለካ፤ ይጻፍ፤ የአዛውንቱንም ስም ይያዝ።